የድሮ ኮርሳ ሳይክል ስንት ያወጣል? ከመሸጥ ወይም ከመግዛት በፊት ዋጋውን ማውጫ፣ ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሳይክል ለብዙ ቤተሰብ የዕለት መጓጓዣ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሳይክል ሲሸጥ ገዢው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» ለተራው ሳይክል ይህ ይበቃል። ለድሮ ኮርሳ (መሪው የተቆለመመ የውድድር ሳይክል) ግን አይበቃም። 10 ኪሎ የሚመዝን፣ ቴላዮው (ዋናው የቱቦ አካሉ) ስስ የሆነ የጣልያን ኮርሳና 14 ኪሎ የሚመዝን ተራ ብረት አቧራ ለብሰው ግድግዳ ላይ ሲደገፉ አንድ ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት ጥሩው በተራ ዋጋ ይሸጣል፤ ተራው ደግሞ «የጥንት ነው» ተብሎ ማንም የማይከፍለው ገንዘብ ይጠየቅበታል፣ ዓመቱን ሙሉም ሳይሸጥ ይቆማል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ዋጋው ሳይታወቅ ቀለም አይቀቡት። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ የተቆለመመውን መሪ አውልቀው ቀጥ ያለ አይግጠሙለት። የተላላጠ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ስፕሬይ ይበልጣል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለፋብሪካው ቀለምና ለጽሑፉ ነው፤ ያ ከጠፋ አይመለስም። በዚያ ላይ አዲስ ቀለም ስንጥቅና ብየዳ ይደብቃል፤ አዋቂ ገዢ ሲያየው ይጠራጠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ትንሽ ማግኔት፣ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ካሊፐር፣ ኢንችና ሴንቲ ሜትር ያለው ሜትር፣ 3 ሜትር ሲባጎ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅና ጥቂት ነጭ ጋዝ። ነጭ ጋዙ ለግራሶና ለጭቃ ብቻ ነው። የተለጠፉ ጽሑፎችን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ ቲነርና ቤንዚን በአንድ ጊዜ ያነሷቸዋል።

1. የማን ነው?

ሳይክሉን ገልብጠው የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ቤት ሥር የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። እዚያ ከሌለ ኮርቻው በሚገባበት ቱቦ ጫፍ ወይም የኋላ ጎማ ፔርኖ በሚቀመጥበት ጆሮ ላይ ይፈልጉ። ቁጥሩ በሞላ የተፋቀ ከሆነ ዋጋ ማውጣቱን እዚያው ያቁሙ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም ነገ መልሰው ሲሸጡት ያው ጥርጣሬ እርስዎ ላይ ይመጣል።

ባለቤቱ አዛውንት ከሆኑ ስለ ዋጋ ሳያነሱ «አባባ፣ ሳይክሉን ያገኙት መቼ ነው? ከማን እጅ?» ብለው ይጀምሩ። ብዙ ጊዜ ከወንበር ሥር ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶግራፍ ወይም የተነቀለ ዕቃ ይወጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የሳይክል ተወዳዳሪዎችም ልካ ነበርና «የድሮ ተወዳዳሪ ሳይክል ነው» የሚል ወሬ ከብዙ አሮጌ ኮርሳ ጋር አብሮ ይሸጣል። ፎቶ፣ የውድድር ቁጥር ወይም ወረቀት ካለው ወሬው ዋጋ አለው። ከሌለው አንድ ብር አይጨምሩለት።

2. ቴላዮው ከምን ተሠራ?

ከጠቅላላው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቴላዮውና ፎርኬላው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ነው። ሌላው ሁሉ ይለወጣል።

ማግኔቱን በየቱቦው ላይ ያሳልፉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከላላ እዚያ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። ማግኔት ግን ጥሩውን ብረት ከተራው አይለይም። የሚለየው የኮርቻው ዘንግ ነው። ዘንጉን አውጥተው ወፍራምነቱን በካሊፐር ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ዘንጉ ላይ ተመትቶ ይገኛል። የተለመደው የኮርቻ ቱቦ ውጪው 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ የሚገባው ዘንግ 27.2 ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው፤ ይህ የጥሩ ቴላዮ ምልክት ነው። 26 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግድግዳው ወፍራም፣ ሳይክሉም ተራ ነው። የድሮ ፈረንሳይ ሥራ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ ቱቦው ራሱ 28.0 ስለሆነ ጥሩው እንኳ 26.4 ሊሆን ይችላል። ሌላው ጥንቃቄ፣ ዘንጉ ትንሽ ሆኖ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ ከገባ የሚለካው ዘንጉ ሳይሆን የቱቦው አፍ ነው።

የተለጠፈውን ስም የምንመለከተው ከዚህ በኋላ ነው። ከእንግሊዝ ሬይኖልድስ 531 (እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የተሠራ)፣ ከጣልያን ኮሎምቡስ ኤስኤል ዋጋ ያላቸው የቱቦ ስሞች ናቸው። ልጣፍ ግን ማንም ሊለጥፈው ይችላል፤ ዘንጉ 26 ሆኖ ልጣፉ ኮሎምቡስ ኤስኤል ቢል የሚታመነው ዘንጉ ነው። የኋላ ጎማ መቀመጫ ጆሮዎቹንም ይዩ። ወፍራም፣ በእሳት ተቀጥቅጠው የተሠሩ፣ ጎማ ማስተካከያ ትናንሽ ቡሎኖች ያሏቸውና የታወቁት የሳይክል ዕቃ ሠሪዎች የካምፓኞሎ ወይም የሺማኖ ስም የተመታባቸው ከሆኑ ሠሪው አልቆጠበም። ከጠፍጣፋ ላሜራ የተቆረጡ ከሆኑ ርካሽ ነው።

ከዚያ ሳይክሉን ሚዛን ላይ ይስቀሉት። መካከለኛ ቁመት ያለው ጥሩ ኮርሳ ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦው ወይም ቸርኬው ተራ ብረት ነው። ማግኔቱን ቸርኬው ላይ ያስጠጉ፤ ከያዘ ቸርኬው ብረት ነው። የብረት ቸርኬ በክረምት ሲረጥብ ፍሬን አይዝለትም፤ ሰኔና ሐምሌን ለሚያውቅ የጎጃም ነጂ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

አንድ የፋብሪካ ስም ሁሉንም ዋጋ አይነግርዎትም። ፔዦ ‹ፒኤክስ 10› ሙሉ በሙሉ የሬይኖልድስ 531 ነው፤ ‹ዩኦ 8› ደግሞ ያው አንበሳ የተለጠፈበት ተራ ብረት ነው። ቢያንኪም በሰማያዊ አረንጓዴ ቀለሙ ብቻ አይመዘንም፤ ፋብሪካው የውድድር ሳይክልም የሕዝብ ሳይክልም በዚያው ቀለም ቀብቷል።

3. የትኛው ዘመን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው። ሻጩ «የ70ዎቹ ነው» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1987 ያለውን ማለቱ ነው። ዕቃው ላይ የተመታው ቁጥር ግን የፈረንጅ ነው። ሁለቱን ካልለዩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታሉ፤ ያ ልዩነት ደግሞ የዋጋ ልዩነት ነው።

ሺማኖ ዕቃ ላይ፣ ከፔዳሉ ክንድ ጀርባ ወይም ከማርሽ መቀየሪያው ውስጠኛ ገጽ፣ ሁለት ትናንሽ የላቲን ፊደላት ይፈልጉ። የመጀመሪያው ዓመት ነው፦ ‹ኤ› 1976፣ ‹ቢ› 1977 እያለ በፊደል ተራ ይቀጥላል። ሁለተኛው ወር ነው፤ ‹ኤ› ጃንዋሪ፣ ‹ኤል› ዲሴምበር። ስለዚህ ‹ኬ› እና ‹ኢ› ተከታትለው ከተመቱ ዕቃው በሜይ 1986 ተሠርቷል። በካምፓኞሎ ኑኦቮ ሬኮርድ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ላይ ደግሞ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት አኃዝ ይመታል፤ 72 ካለ 1972 ነው። የሞዞው (የጎማው መሐል እምብርት) ማሰሪያ ዳዶም ዓመት ሊይዝ ይችላል።

ቢያንስ የሦስት ዕቃ ዓመት ይጻፉ። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ከገጠሙ ሳይክሉ እንደተገጣጠመ ነው ያለው፤ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። አንዱ 1974፣ ሌላው 1985 ከሆነ ከሁለት ሳይክል የተሰበሰበ ነው።

ለውጭ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. 1987 ድንበር ነው። ከ1997 ጀምሮ ጣልያን ቶስካና ውስጥ የሚካሄደው ኤሮይካ የሚባለው የድሮ ሳይክል ጉዞ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ የብረት ኮርሳ፣ ማርሽ መቀየሪያ እጀታው የታች ቱቦ ላይ ያለ፣ ይጠይቃል። ይህን የሚያሟላ ሳይክል ሰፊ ፈላጊ አለው።

4. ቴላዮው ቀጥ ያለ ነው?

ጊዜ መውሰድ ያለብዎት እዚህ ነው። ስምና ዘመኑ የቱንም ያህል ቢያምር የተጣመመ ቴላዮ የሚሸጠው በዕቃው ብቻ ነው።

ጣትዎን ከመሪው ቱቦ ጀርባ፣ በላይ ቱቦና በታች ቱቦ ሆድ በኩል ያሳልፉ። ሳይክሉ ከፊት ከተጋጨ ብረቱ እዚያ ላይ ያብጣል ወይም ይሸበሸባል፤ ቀለሙም በአግድም ይሰነጠቃል። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። ቀጥሎ ከጎን ቆመው ፎርኬላውን ይዩ። የመሪው ቱቦ መስመር ወደ ታች ሲቀጥል ከፎርኬላው ቀጥ ያለ ክፍል ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ፎርኬላው ወደ ፊት የሚቆለመመው ከታች ነው። ቀጥ ያለው ክፍል ወደ ኋላ ካፈገፈገ ግጭት ነበር።

አሁን ሲባጎውን ይያዙ። አንዱን ጫፍ በአንደኛው የኋላ ጎማ ጆሮ ላይ አስረው ወደ ፊት ይሳቡት፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙረው ወደ ሌላኛው ጆሮ ይመልሱት። ሁለቱ ወገን ከኮርቻ ቱቦው ያላቸውን ርቀት ይለኩ። እኩል ከሆነ ወይም በ1 እና 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከተለያየ ደህና ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ የኋላው ክፍል ወደ አንድ ወገን ሄዷል።

በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን ስፋትም ይለኩ፦ 120 ሚሊ ሜትር ለባለ 5 የኋላ ጥርስ፣ 126 ለባለ 6 እና ለባለ 7፣ 130 ለባለ 8 እና ከዚያ በላይ ነው። በእነዚህ ልኮች መካከል የሚወድቅ ያልታወቀ ቁጥር ካገኙ አንድ ሰው አዲስ ጎማ ለማስገባት በጉልበት ከፍቶታል።

ብየዳ ካገኙ ዋጋውን በብዙ ይቀንሱ። የኮሎምቡስ ኤስኤል ቱቦ ግድግዳ ጫፉ ላይ 0.9፣ መካከሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በር በሚበየድበት የኤሌክትሪክ ብየዳ ሲነካ ይቃጠላል፤ ቢይዝም ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል።

ዝገት ሁሉ እኩል አይደለም። ላዩን የዛገ ክሮም ይጸዳል። የሚያስፈራው ከውስጥ ያለው ነው። የኮርቻውን ዘንግ አውጥተው በባትሪ ወደ ታች ይዩ፤ ከፔዳል ቤቱ የዛገ ውኃ ወይም ቅርፊት ከወጣ፣ በሳንቲም መታ መታ ሲያደርጉት ድምፁ ከሌላው ቱቦ የደነቆረ ከሆነ ብረቱ ሳስቷል። አፈር ወለል ላይ ብዙ ክረምት የቆመ ሳይክል መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው።

ዘንጉ አልወጣም ካለ? አሉሚኒየም ግራሶ ሳይቀባ በብረት ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ዝገቱ አንድ ያደርገዋል። የመሪው አንገትም እንዲሁ። ለሻጩ «ትንሽ ዘይት ነው የሚፈልገው» ነው፤ እውነቱ ግን አንዳንዴ ቴላዮውን ያሳጣል። ያልወጣ ዘንግ ያለውን ሳይክል ጤናማ ነው ብለው አይገምቱ፤ ቁመቱን ማስተካከልም ውስጡን ማየትም አይቻልም።

5. ዕቃዎቹና ጎማው

ጎጃም ውስጥ ኮርሳ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በጎማ ነው። ሦስት ልክ አለ፤ በስም ቢቀራረቡም አይተካኩም። የ28 ኢንች የድሮ ቻይናና ሕንድ ሳይክሎች ጎማ (28 በ1½) ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 635 ሚሊ ሜትር ነው። የ27 ኢንች ኮርሳ 630 ነው። 700 ሲ የሚባለው ደግሞ 622 ነው። ከጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለተኛው ይህ ልክ ነው። 630 ጎማ 622 ቸርኬ ላይ ሲገባ ይላላል፣ ሲነፋም ከቸርኬው ይዘላል። 622 ጎማ ደግሞ 630 ላይ ጨርሶ አይገባም።

622 ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ልክ ስለሆነ ሳይክሉን በ700 ሲ ካገኙት ዋጋውን ከፍ ያድርጉ። የማውንቴን ባለ 29 ጎማም 622 ነው፤ ቸርኬው ላይ ይገባል፣ በኮርሳ ፎርኬላና ቴላዮ መካከል ግን በወፍራምነቱ አያልፍም። 27 ኢንች ከሆነ ጎማ የት እንደሚገኝ ሳያረጋግጡ አይግዙ። ወደ 622 ለመለወጥ የፍሬን ጫማው 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መውረድ አለበት፤ የፍሬኑ ክንድ መንሸራተቻ ቦታ እንዳለው በሜትር ይዩ። በማስቲሽ የሚለጠፈው የውድድር ጎማ ከሆነ ቸርኬው ለሰብሳቢ ውድ ነው፤ ለዕለት ነጂ ግን ኮብልስቶን ላይ ሲበሳ ተነቅሎ፣ ስፌቱ ተፈትቶ ነው የሚጠገነው። ዋጋውን እንደ ገዢው ይለያዩት።

የፔዳል ቤቱን ፊሌቶ (የሚጠብቅበትን ጥርስ) በዳር ከተመታው ጽሑፍ ያንብቡ። 1.37 በ24 የእንግሊዝ ነው፤ ዕቃው በቀላሉ ይገኛል። 36 በ24 የጣልያን ነው። 35 በ1 የድሮ ፈረንሳይ ነው፤ መለዋወጫው ብርቅ ስለሆነ ከዋጋው ይቀንሱ። መፍታት ካስፈለገ የእንግሊዙ ቀኝ ወገን ግራ ፊሌቶ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ቁልፉን በጉልበት ስቦ ቴላዮውን ያበላሻል።

ካቴናውን በኢንች ይለኩ። አዲስ ሲሆን ከመነሻው ፒን ቀጥሎ ሲቆጠር 24ኛው ፒን በትክክል 12 ኢንች ላይ ይወድቃል። በ1/16 ኢንች ካለፈ ካቴናው ይለወጥ፤ በ1/8 ካለፈ የኋላ ጥርሱም አብሮ አልቋል፣ የሁለቱን ዋጋ ይቀንሱ።

የካምፓኞሎ የፔዳል ክንድ ካለ ክንዱ ከፊት ጥርሱ አምስት እግሮች ጋር የሚገናኝበትን ጥግ አጽድተው በባትሪ ይመልከቱ። በዚያ ጥግ መሰንጠቅ የታወቀ በሽታው ነው፤ የተሰነጠቀ ክንድ ለማሳያ እንጂ ለመንዳት አይሸጥም። የቆዳ ኮርቻ ካለ፣ በተለይ ብሩክስ፣ ቢደርቅም አይጣል። ቆዳው በቡሎኖቹ ዙሪያ ካልተቀደደ ብቻውን ጥሩ ገንዘብ ያወጣል።

ማርሹ ዋጋን እንደ ቦታው ይቀይረዋል። የድሮ ኮርሳ ብዙ ጊዜ ፊት 52 እና 42፣ ኋላ ትልቁ 24 ጥርስ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ይህ አይከብድም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ መመለስ ለሚያስብ የደብረ ማርቆስ ልጅ ግን ይከብዳል፤ የካምፓኞሎ ሬኮርድ ክንድ ደግሞ ከ41 ጥርስ በታች አይቀበልም። ከዚያ ገዢ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ ይህ ይነሣል፤ አስቀድመው ይዘጋጁ።

6. ሦስቱን ዋጋ ማስላት

አንድ ሳይክል ሦስት ዋጋ አለው፤ ሦስቱንም ጽፈው ትልቁን ይምረጡ።

የመጀመሪያው የነጂ ዋጋ ነው። በዚያው ሳምንት በከተማዎ የሚነዳ ተራ ያገለገለ ሳይክል የተሸጠበትን ይጠይቁ። የተጠየቀበትን ሳይሆን የተከፈለበትን፤ ደላላ የሚነግርዎት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለውጥ በፊት የነበረ ዋጋ ለንጽጽር አይሆንም። ለስሌት እንዲመች 20,000 ብር እንበል። ቴላዮው ተራ ከሆነ በ1 ያባዙ፣ መካከለኛ ከሆነ በ1.5፣ ቀጥ ያለ፣ ስስ ቱቦና ሙሉ የመጀመሪያ ዕቃው ያለው ከሆነ ከ2 እስከ 3። እነዚህ ማባዣዎች የእኛ ግምት ናቸው፤ የከተማዎ ገበያ ያስተካክላቸዋል። መካከለኛ ከሆነ 30,000 ይሆናል። ከዚያ የጥገናውን ይቀንሱ፦ ጎማና ከመነዳሪ 4,000፣ የፍሬን ሽቦና ጫማ 1,000፣ ካቴና 1,500፣ ኩሽኔታና የእጅ ዋጋ 1,500፣ ድምር 8,000 ብንል 22,000 ይቀራል። ዋጋውን በየዕቃው ከሱቅ ጠይቀው ይሙሉ።

ሁለተኛው የፍታች ዋጋ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው የሚያወጣውን ደምረው ግማሹን ይያዙ፤ ጥሩ ጥሩው ይሸጥና ሌላው እጅዎ ላይ ይቀራል። ቴላዮው ከተጣመመ ያለዎት ዋጋ ይህ ብቻ ነው። ቀጥ ያለና ሙሉ የሆነውን ግን መበተን ጥፋት ነው፤ ገንዘቡ ቢበልጥ እንኳ በጥቂቱ ነው፣ ሳይክሉም ዳግመኛ አይገኝም።

ሦስተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ምርጫ ከፍተው ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ዘመን፣ ተመሳሳይ ይዞታ ያለውን ይፈልጉ። ቢያንስ አምስት ያግኙ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጥለው የቀሩትን አማካይ ይያዙ። ከዚያ ማሸጊያ፣ ማጓጓዣ፣ የገንዘብ ማስተላለፊያና የገዢው አገር ቀረጥ ይቀነሳል። ተራ ኮርሳ ይህን ወጪ አይሸከምም። የሚያዋጣው ጥሩ ስም ያለው ቴላዮ ብቻውን ከፎርኬላው ጋር ሲላክ፣ ወይም አዲስ አበባ ላለ ሰብሳቢ ሲሸጥ ነው።

7. ለሽያጭ ማቅረብ

ሲጠይቁ ካወጡት ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምረው ይጀምሩ፤ ድርድር አይቀርም። ፎቶውን ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ፣ ንጹሕ ግድግዳ አስደግፈው በቀኝ በኩል ያንሱ፤ ካቴናውና ማርሹ ያሉት እዚያ ነው። ቀጥሎ የቴላዮውን ቁጥር፣ የጆሮዎቹን ጽሑፍ፣ የኮርቻ ዘንጉን ልክ፣ ከመሪው ቱቦ ጀርባ ያለውን ሆድና ያለውን ጉድለት ሁሉ በቅርብ ያንሱ። የኮርቻ ቱቦውን ርዝመት ከፔዳል ዘንግ መሐል እስከ ላይኛው ጫፍ በሴንቲ ሜትር ይጻፉ፤ ቁመቱ የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ይተወዋል።

ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከላኩ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዲሁ አያስጭኑት። ሁለቱን ጎማ ያውልቁ፣ ፔዳሎቹን ይፍቱ (የግራው ፔዳል በተቃራኒ ይፈታል)፣ በኋላ ጆሮዎቹ መካከል በስፋታቸው ልክ የተቆረጠ እንጨት ያስገቡ፣ ማርሽ መቀየሪያውን ነቅለው በጨርቅ ጠቅልለው ከቴላዮው ውስጥ ይሰሩ። ባዶ ጆሮ ላይ ሻንጣ ከተጫነበት እንጂባራ ሳይደርስ ይታጠፋል። የሽያጭ ወረቀት ላይ የቴላዮውን ቁጥር፣ የሁለቱን ወገን ስምና መታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑንና የተከፈለውን ገንዘብ ጽፋችሁ፣ ሁለት ምስክር አስፈርማችሁ፣ ቅጂውን ሁለታችሁም ያዙ።